በየዓርቡ ደብረ ሲና

«ሰላም እህቴ። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ፍሬሽ ነኝ፣ ናቹራል ሳይንስ። ቤቴ ደብረ ሲና ነው። ምደባ ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ‹ታድለሽ፣ ጎረቤት ደረሰሽ› አለኝ። እኔ ግን ዕድሉ እስካሁን አልታየኝም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንደኛ ነበርኩ፤ እዚህ የመጀመሪያው የሒሳብ ኩዊዝ 4 ከ10 መጣልኝ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅኩት አፌ ይተሳሰራል። ዶርማችን ስድስት ነን፤ አምስቱ ተግባብተዋል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ምሳ እንደተበላ ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ነኝ፣ የምመለሰው እሑድ ማታ ነው። እናቴ መንገድ ላይ ቆሎ ትሸጣለች፤ አውቶቡስ ሲቆም አብሬያት እሯሯጣለሁ። እሷ ግን ባየችኝ ቁጥር ‹ምነው ልጄ፣ ትምህርት የለም እንዴ?› ትለኛለች። ስመለስ ቆሎ ትቋጥርልኛለች። ሎከሬ ውስጥ ሦስት ፌስታል ተጠራቅሟል፤ ሽታው እንዳይወጣ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ባለፈው እሑድ ስገባ ልጆቹ በአንድ ነገር ይንፈቀፈቃሉ፤ ‹ምንድን ነው?› ብላቸው ‹ቅዳሜ ብትኖሪ ኖሮ!› አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሐሳቤ ሕክምና ነበር፤ አሁን ግን ዊዝድሮዋል ሞልቼ፣ ትምህርቱን አቋርጬ ልውጣ እላለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ዊዝድሮዋሉን ትንሽ እናቆየውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ አለ? ቆጥሬዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ነው። እሱም ያንቺ አይደለም፤ ከዶርም ልጆችሽ አፍ የወጣ ነው። አንቺ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ የለሽም። ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም ከማንሳታችን በፊት ችግርሽ እሱ ነው ባይ ነኝ።

እንዲህ ደፍሬ የምናገረው ስላየሁት ነው። እኔ አራተኛ ዓመት ነኝ፣ የመንዝ ልጅ። ፍሬሽ ሳለሁ መንገዱ ሩቅ ነው ሳልል በየሁለት ሳምንቱ መሐል ሜዳ ነበርኩ። አንድ ዓርብ ከሰዓት «ዛሬ መምህሩ ምንም አይሰጥም» ብዬ ከምሳ በኋላ ውልቅ አልኩ። ጣርማ በር ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ኩዊዝ ተሰጥቷል። ዜሮ። መምህሩ በኋላ ስለምነው «ታመሽ ነበር?» አለኝ፤ መዋሸት አቃተኝና «አይ፣ ቤት ሄጄ ነው» አልኩት። ዜሮው ዜሮ ሆኖ ቀረ። ማንንም አልወቅስም፣ ራሴ ያመጣሁት ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ክላስ፣ ካፌ፣ ላይብረሪ፣ ዶርም። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ሲተላለፍ ውሎ ማንም ማንንም ሳያውቅ ይመሻል። ሰው የሚተዋወቀው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ባልዲና ሳሙና ይዞ ልብስ ማጠቢያው ጋ ይሰለፋል። ከሰዓት አንዷ ቡና ታፈላለች (በምን እንደምታፈላው የዶርም ተቆጣጣሪ ፕሮክተር ፊት አላወራም)። አመሻሹ ላይ የግሩፕ አሳይመንት አለ። ያንቺ ግሩፕ የሚሰበሰበው መቼ ነው? ልገምት፣ ቅዳሜ ነው፤ «አይዞሽ፣ ስምሽን እንጽፍልሻለን» ይሉሻል። ክፋት የለባቸውም፣ ስምሽንም ይጽፉልሻል። ነጥቡን ታገኛለሽ። ፋይናል ላይ ያው ጥያቄ ሲመጣ ግን ስምሽን እንጂ መልሱን አታውቂውም።

የእኔን ቅዳሜ ልንገርሽ። ታኅሣሥ ነበር። የታኅሣሥን ደብረ ብርሃን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ቆረቆሯት፣ ስሟም ከዚያ መጣ ይባላል፤ እኛ ፍሬሾች መጀመሪያ ያየነው ግን ብርዱን ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ወዳ አይደለም። እና ማታ ያጠብኩትን ጂንስ ገመድ ላይ ረስቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳወርደው ቆመ። ቆመ ስልሽ የምሬን ነው፤ ውርጭ መትቶት እንደ ጣውላ ደርቆ፣ መሬት ባስነካው ያለ ሰው በሁለት እግሩ ይቆማል። መንዝ ያደገ ሰው ውርጭ አይደንቀውም። አጠገቤ ፎጣ የምታሰጣው ልጅ ግን ከጋምቤላ ነው የመጣችው። ሱሪዬን በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችና በተሰባበረ አማርኛ «ይሄ ነገር ሞቷል?» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷም ሳቀች። ፀሐይ እስኪወጣና ሱሪው «እስኪነሳ» ድረስ ባልዲያችንን ገልብጠን ተቀምጠን አወራን።

እሷ አማርኛ ያጥራታል፣ እኔ እንግሊዝኛ። የእሷ እንግሊዝኛ ከእኔ በብዙ ይሻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ስናጥብ እሷ በአማርኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ማውራት ሆነ ስምምነታችን። ስንሳሳት የሚሰማን ሳሙናው ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ እጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ የመለስኩትም ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነው፣ የሞተ ሰው የለም። አፍሽ የሚተሳሰረው ቋንቋው ስለማይገባሽ አይመስለኝም፤ መልሱን አውቀዋለሁ ብለሻልና። ችግሩ እንግሊዝኛ አውርተሽ የምታውቂው መምህር ፊት ብቻ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ነጥብ ከማይሰጥሽ ሰው ጋር አውሪው።

ይህንን ሁሉ ያገኘሁት ጎብዤ ወደ ቤት ባለመሄዴ እንዳይመስልሽ። ያን ሳምንት ያልሄድኩት የመኪና ብር አጥሮኝ ነው።

«ቅርብ ደረሰሽ፣ ታድለሽ» የሚሉሽ ዘመዶችሽ ክፉ አላሰቡም። እኔ ግን በነዚህ ዓመታት ያየሁት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲቸገሩ የማያቸው ከጂንካና ከሞያሌ የመጡት አይደሉም፤ ከጫጫ፣ ከአንኮበር፣ ከደነባና ከደብረ ሲና የመጡት ናቸው። የሩቁ ልጅ መሄጃ የለውም። አንድ ሁለት ሳምንት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያለቅስና ሲሰለቸው ላይኛው አልጋ ያለውን ልጅ «ስምህ ማነው?» ይላል። የቅርቡ ልጅ ግን ገና ሐሙስ ማታ ልቡ መናኸሪያ ነው፤ «ደብረ ሲና! ደብረ ሲና! የቀረው አንድ ሰው!» የሚለው ድምፅ በጆሮው ያቃጭልበታል። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው መንገዱ፤ የጣርማ በርን ዋሻ ካለፍሽ በኋላ ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረሽ። ይህ ቅርበት ነው የያዘሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ፤ አንቺ ግን በየሳምንቱ እየሞከርሽው ነው።

«እናቴስ ብቻዋን?» ልትዪኝ ነው። እሱን እንዳልዘለልኩት እወቂልኝ። እናትሽ ባየችሽ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ትምህርት የለም እንዴ?» ትላለች ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ይቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። «ጎሽ መጣሽልኝ» አላለችም። «እጄ ላይ ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አላለችም። ልጅቱ ከግቢ ተባርራ ይሆን፣ ታማ ይሆን፣ የሆነ ነገር ደብቃኝ ይሆን ብላ የተጨነቀች እናት ናት የምትታየኝ። ልታግዣት ሄደሽ ጭንቀት ጨምረሽባት ትመለሻለሽ። ደግሞ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርት ስንት ስኒ ቆሎ እንደሚሆን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ በወር አራት ጊዜ አባዢው። በሁለት ቀን ሩጫ የምትሸጪላት ያንን ይሸፍናል?

ተሳስቼ ከሆነ፣ ማለትም እናትሽ ታማ ከሆነ ወይም ሌላ ረዳት አጥታ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ያልኩትን ተዪውና እንደገና ጻፊልኝ፤ ያኔ ምክሬ ይለያል። ካልሆነ ግን ዛሬ ደውይላትና «እማዬ፣ ሚድ እስካልፍ አልመጣም፤ ትምህርት አለ» በያት። ደስ እንደሚላት እወራረዳለሁ። ስልኩን ዘግተሽ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም።

አሁን ወደ ኩዊዙ። 4 ከ10 የሚያሳፍር ውጤት መስሎ የታየሽ አንደኛ ስለነበርሽ ነው። እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2017 ሲሰጥ ከተፈተነው 8.4 በመቶ ብቻ ነው ያለፈው፤ እኔ በተፈተንኩበት ዙር ደግሞ 3.3 በመቶ ነበር፣ ፈተናውም በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ያኔ ነው። እንዲህ ባለ ወንፊት አልፎ የመጣ ሰው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ሰቃይ የነበረ ነው። ዶርማችሁ ውስጥ ስድስት አንደኞች ተኝታችኋል ማለት ነው፤ አምስታችሁ የግድ አንደኛ አትሆኑም። በሬሜዲያል በኩል፣ ማለትም ማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ ቀርተው የማካካሻ ትምህርት ተምረው የመጡ ልጆች ካሉ ደግሞ ተጠጊያቸው። አንዳንዱ ሊንቃቸው ይሞክራል፤ ሞኝነት ነው። የግቢን ኑሮ ካንቺ ቀድመው የቀመሱ ናቸው፤ ምኑ እንደሚያደክምና ምኑ ላይ መተኛት እንደሚቻል ያውቃሉ።

ቁጥሩን ደግሞ በወረቀት እናስላው፤ ፍርሃት በጭንቅላት ሲሰላ ይበዛል። ኩዊዙ ከመቶው 10 የሚይዝ ከሆነ የጠፋብሽ 6 ነጥብ ነው። 94ቱ ገና አልተነካም ወይም እጅሽ ላይ ነው። ክፉውን እናስብና ሒሳብ በሲ አለቀ እንበል። ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ብትወስጂ፣ አምስቱን ቢ ብታገኚና ሒሳቡን ሲ ብታገኚ፣ ሲ 2 ነው፣ ቢ 3 ነው፤ ሁለት በሦስት 6፣ ሦስት በአሥራ አምስት 45፣ ድምሩ 51፣ ለ18 ሲካፈል 2.83 ነው። ሒሳቡም ቢ ቢሆን 3.00 ይሆን ነበር። አንድ ሲ የምትወስድብሽ ይህችን 0.17 ናት። ታናድዳለች እንጂ አታስወጣም። በአንጻሩ አንዱን ቢ ወደ ኤ ብታወጪው ያጣሻት ትመለሳለች።

ስለ ሕክምናው ግን አላቆላምጥሽም። ቦታው ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ብዙ፤ በሲ እየተንሸራሸሩ የሚገባበት አይደለም። ፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ተማሪ ገና በር ላይ ዲፓርትመንት አይዝም፤ የዚህ ዓመት ውጤትሽ በምደባው ከባድ ሚዛን አለው። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመውን የጤና ካምፓስ ልብሽ ላይ ካስቀመጥሽው፣ ከሒሳብም ከፊዚክስም ጋር ዛሬ መታረቅ አለብሽ። ለሴት ተማሪዎች የሚሰጥ ቱቶሪያል መኖሩን የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። «ቱቶሪያል የሚገባው የደከመ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ እዚያ ያገኘኋቸው ልጆች ዛሬ ከክፍላችን ፊት ያሉት ናቸው። ከቴሌግራም የሚወርደውን የዓምናና የካቻምና ፈተና ደግሞ ለማታ አድርጊው። ጥያቄው ሳይገባሽ ከነመልሱ ከቸከልሽው መምህሩ ቁጥሯን ቀየር ያደረጋት ቀን ጉድ ይፈላል።

አንድ ምክር ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልጨምር፤ ፍሬሽ ሴት ስለሆንሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያሉት እናቶችም ጎረቤትም «ከሰው አትቀላቀዪ» ብለው ልከውሽ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። «ፍሬሽ ነሽ አይደል? ነይና ከተማውን ላሳይሽ» የሚል ሲኒየር አይጠፋም፤ በር ሳይዘጋ ብቻሽን መመለስ የማትችዪበት ቦታ አትሂጂ፣ ስልክሽን ለጠየቀሽ ሁሉ የመስጠት ግዴታም የለብሽም። ይህን ሰምቶ ከአምስት የዶርም ልጆች መሸሽ ግን ጥንቃቄ አይደለም። ሌሊት ትኩሳት ቢይዝሽ ክሊኒክ የሚያደርሱሽ እነሱ ናቸው፤ ደብረ ሲና ያለ ሰው አይደርስልሽም።

ዊዝድሮዋልን በተመለከተ አጭር ነው። በዚህ ምክንያት አትሙዪ። ሰው ዊዝድሮዋል የሚሞላው ሲታመም፣ ቤቱ ከባድ ነገር ሲገጥመው ነው፣ ለዚያም ነው የተቀመጠው። መጨረሻ ላይ ብታመሪበት እንኳ ሬጅስትራር ሄደሽ ፎርሙን ሞልተሽ፣ ክሊራንስ ጨርሰሽ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው። ቦርሳ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ መጥፋት በሚቀጥለው ዓመት ልመለስ ስትዪ በሩን ያከብድብሻል። እኔ የምለምንሽ ግን ከዚያ በፊት ሦስት ቅዳሜ እንድትሰጪ ነው። ሦስት፣ ተከታታይ። የመጀመሪያው ይከብድሻል፣ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ይጠራሻል፤ ባልዲሽን ይዘሽ ልብስ ማጠቢያው ጋ ውረጂ፣ የታጠበ ልብስ ካለሽም እንደገና እጠቢው። ሁለተኛው ላይ ግሩፑ ሲሰበሰብ አንዱን ጥያቄ «እሱን እኔ እሠራዋለሁ» በዪ፤ ባይገባሽም በዪ፣ ከዚያ ሄደሽ ጠይቂ። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ያንቺ ነው።

አሁን ሎከሩ።

ሽታውን ነው የደበቅሽው ወይስ የእናትሽን ሥራ? አልፈርድብሽም። እኔም ፍሬሽ ስገባ አባቴ መንዝ የተሠራ ባና አሸክሞኝ ነበር፣ የበግ ጠጉሩ የሚኮሰኩስ፣ ጭስ ጭስ የሚል። የገጠር ልጅ እንዳልባል ብዬ ወር ሙሉ ፍራሼ ሥር ቀበርኩት፤ በስስ ብርድ ልብስ እየተንቀጠቀጥኩ አደርኩ። ብርዱ የጠናበት ሌሊት አንዷ የዶርም ልጅ ፍራሼን ስታነሳ አገኘችውና ምንም ሳትጠይቀኝ ሦስት ሆነው ገቡበት። እኔ አራተኛ ሆኜ ጥግ ላይ ተለጥፌ አደርኩ። ዘንድሮም ተራ እየጠበቁ ይለብሱታል።

ያንቺ ደግሞ የደብረ ሲና ቆሎ ነው፣ እህቴ! ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለስ መንገደኛ መስኮቱን ከፍቶ ብር ይዞ የሚጠብቀውን ነገር አንቺ በጨርቅ ጠቅልለሽ ቆልፈሽበታል። መጀመሪያ ያስቀመጥሽውን ፌስታል ፈተሽ አድርጊው፣ ለዝቦ ወይም እርጥበት ገብቶት ከሆነ ጣይው፣ እናትሽን እንዳታሰድቢ። አዲሱን ግን ቅዳሜ ቡናው ሲቀርብ ፍቺና መሃል አስቀምጪው። «ከየት ነው?» ይሉሻል። «እናቴ ናት የምትቆላው፣ ደብረ ሲና መንገድ ላይ ነው የምትሸጠው» በያቸው፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ፌስታሉ ባዶ ይሆናል።

ሱፍ ያለበት ከሆነ ግን አንድ እፍኝ አስተርፊልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ማጠቢያው ጋ አለሁ፤ ባልዲዬ ቀይ ነው፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ።

እህትሽ